ከኤምሬትስ እስከ ዋይት ሃርት ሌን፦ የ2016/17 የቼልሲ የኋላ መስመር በውድድሩ አጋማሽ ሲመዘን

መስከረም 14 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ደመራ ሊለኮስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አርሰናልና ቼልሲ በአርሰናል ሜዳ፣ በኤምሬትስ ስታዲየም፣ ጨዋታቸውን ጀመሩ። በ11ኛው ደቂቃ የቼልሲ የመሐል ተከላካይ ጋሪ ኬሂል ኳሱን ወደ ግብ ጠባቂው ለመመለስ ሞከረ። ምቱ ጉልበት አልነበረውም። አሌክሲስ ሳንቼዝ መንገድ ላይ ጠበቀና ነጠቀው፤ ብቻውን ወደ ፊት ሮጦም በቲቦ ኩርቱዋ ላይ ከፍ አድርጎ አሳለፈው። ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ቲዮ ዋልኮት ሁለተኛውን አገባ። በ40ኛው ደቂቃ ደግሞ ሜሱት ኦዚል መሐል ሜዳ ላይ ከንጎሎ ካንቴ ዞሮ አመለጠ፤ ኳሱን ለሳንቼዝ ሰጠ፣ ሳንቼዝ መልሶ አሻማለት፣ ኦዚልም ከአየር ላይ መትቶ ሦስተኛውን አስቆጠረ። ለእረፍት ሲወጡ ሦስት ለባዶ ነበር።

በ55ኛው ደቂቃ የቼልሲው አሠልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ አማካዩን ሴስክ ፋብሪጋስን አስወጥተው ማርኮስ አሎንሶን አስገቡ። ቡድኑ በሦስት የመሐል ተከላካዮች መጫወት ጀመረ። በቀሪው ጊዜ ግብ አልተቆጠረበትም። ያኔ ብዙዎቻችን ቅያሪውን ሽንፈቱ እንዳይሰፋ የተደረገ የጭንቅ እርምጃ አድርገን አለፍነው። ቼልሲ ከስድስት ጨዋታ አሥር ነጥብ ይዞ ስምንተኛ ሆነ፤ ስድስቱንም ካሸነፈው ማንቸስተር ሲቲ በስምንት ነጥብ ራቀ።

ከዚያ ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ቼልሲ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 13 ጨዋታ አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ። 32 ግብ አስቆጠረ፤ የተቆጠረበት አራት ብቻ ነው። በአሥሩ ጨዋታዎች መረቡ ጨርሶ አልተደፈረም። በአንድ የውድድር ዓመት 13 ተከታታይ ድል ማለት አርሰናል በ2001/02 ካስመዘገበው ክብረ ወሰን ጋር መስተካከል ነበር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ታሪኩ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። አንድ ቡድን በውድድር አጋማሽ መከላከሉ ሲሻሻል፣ ከመሻሻሉ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሚዘልቅና የትኛው ወቅት የወለደው እንደሆነ መለየት ከባድ ሥራ ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ። በየጨዋታው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀዳዳው ተደፈነ ወይስ ተሸፈነ?

ዘጠኙ ግቦች

መልሱን ለማግኘት ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች መነሳት ያስፈልጋል። በነዚያ ጨዋታዎች በቼልሲ ላይ ዘጠኝ ግብ ተቆጥሯል፤ ቁጥሩን ትቶ ግቦቹን አንድ በአንድ ማየት ብዙ ያስተምራል።

የዌስት ሃሙ ጄምስ ኮሊንስ ያገባው ከማዕዘን ምት በኋላ በግብ ክልል ውስጥ ከተረፈች ኳስ ነው። የዋትፎርዱ ኤቲየን ካፑ ከመስመር የተሻማለትን ኳስ ያለ ተቃዋሚ ተቀብሎ መታ። በርንሌይ ምንም አላገባም። መስከረም 1፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ስዋንሲ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ኩርቱዋ ጊልፊ ሲጉርድሰንን በግብ ክልል ውስጥ ጥሎ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠበት፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሮይ ፌር ከኬሂል እግር ኳስ ነጥቆ ሁለተኛውን አገባ። ፌር ጥፋት ሠርቶ ነበር፣ ዳኛው ግን አላየውም። በሳምንቱ ሊቨርፑል ወደ ቼልሲ ሜዳ፣ ስታምፎርድ ብሪጅ፣ መጣ። ከቅጣት ምት የተሻማ ኳስ ከሩቁ ቋሚ አጠገብ ደረሰ፤ እዚያ ማንም ያልያዛቸው የሊቨርፑል ተጫዋቾች ቆመው ነበር፣ ዴያን ሎቭረን መታው። ከዚያ ኬሂል ያወጣው ኳስ ሩቅ ሳይሄድ ከጆርዳን ሄንደርሰን እግር ሥር ወደቀ፤ ሄንደርሰን ከግብ ክልሉ ውጪ ጠምዝዞ ከላይኛው ማዕዘን ከተተው። ቀሪዎቹ ሦስቱ የኤምሬትስ ናቸው።

እንግዲህ ከዘጠኙ ሦስቱ፣ ማለትም የፌር፣ የሄንደርሰንና የሳንቼዝ፣ ከኬሂል እግር በወጣ ኳስ የተጀመሩ ናቸው። ሁለቱ ከቆመ ኳስ፣ ማለትም ከማዕዘንና ከቅጣት ምት፣ መጡ። የካፑና የዋልኮት ደግሞ ከመስመር ወደ ውስጥ በተላከ ኳስ፣ የኦዚል በመልሶ ማጥቃት። አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው ኬሂል ላይ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ በሦስት ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አንድ ተከላካይ ለግብ መነሻ ሲሆን ሌላ ምን ይባላል? ኬሂል ግን በነዚያ 13 ጨዋታዎች ከሦስቱ የመሐል ተከላካዮች አንዱ ሆኖ ቀጠለ፤ ማንቸስተር ዩናይትድና ስቶክ ላይም ግብ አገባ። ሰውየው አልተለወጠም፤ የሚሠራው ሥራ ነው የተለወጠው። የዚህ ጥናት ዋና ነጥብ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ሰዎቹና ቦታቸው

የቼልሲ የመጀመሪያ አሰላለፍ አራት ተከላካዮች፣ ከፊታቸው ካንቴ ብቻውን፣ ከእሱ ፊት ሁለት አማካዮች የያዘ ነበር። የመስመር ተከላካዮቹ ብራኒስላቭ ኢቫኖቪችና ሴዛር አዝፒሊኩዌታ ለማጥቃት ሲወጡ ከጀርባቸው የሚቀረውን ሜዳ ማን ይሸፍናል? ካንቴ ወደ አንዱ ጎን ከሮጠ መሐሉ ይከፈታል፤ የመሐል ተከላካዩ ወደ መስመር ከወጣ የግብ አፉ ይራቆታል። ኳሱን ይዞ መውጣት ሲያስፈልግም ኬሂል ጫና ውስጥ ሆኖ እንዲያቀብል ይገደዳል። ይህ ደግሞ የሚደክምበት ሥራ ነው።

መስከረም 21 ሃል ሲቲ ላይ ኮንቴ ከመጀመሪያው ደቂቃ በአዲሱ አሰላለፍ ገቡ። ከኩርቱዋ ፊት በቀኝ አዝፒሊኩዌታ፣ መሐል ዳቪድ ሉዊዝ፣ በግራ ኬሂል ቆሙ። የቀኝ መስመር ተመላላሽ (በመስመሩ ለማጥቃትም ለመከላከልም የሚመላለስ ተጫዋች) ቪክተር ሞሰስ፣ የግራው አሎንሶ፤ መሐል ካንቴና ኔማንያ ማቲች። ከፊት ዊልያን፣ ዲያጎ ኮስታና ኤደን ሀዛርድ። ሁለት ለባዶ አሸነፉ።

እያንዳንዱ ሰው ለምን እዚያ እንደቆመ ሳስብ የኮንቴን ዓይን አደንቃለሁ። አዝፒሊኩዌታ አጭር ነው፤ በመሐል ተከላካይነት ረጅም አጥቂ ሊያስቸግረው ይችላል። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በመስመር ተከላካይነት ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ወደ ጎን ተጎትቶ አንድ ለአንድ ቢገናኝ አይደነግጥም። ሞሰስ ከመስመር ወደ ፊት ሲወጣ በአራት ተከላካይ ጊዜ የሚፈራው ክፍት ሜዳ አሁን የአዝፒሊኩዌታ መደበኛ የሥራ ቦታ ሆነ። ሞሰስ ራሱ በተፈጥሮው የመስመር አጥቂ ነው፤ ለሊቨርፑል፣ ለስቶክና ለዌስት ሃም በውሰት ሲዞር የኖረ ተጫዋች። ኢቫኖቪች ቦታውን ለእሱ ለቀቀ፤ ጥር ሳያልቅም ወደ ሩሲያው ዜኒት ሄደ። አሎንሶና ሉዊዝ ሁለቱም ክለቡን የተቀላቀሉት የዝውውር መስኮቱ በተዘጋበት ዕለት ነው፤ አንዱ ከፊዮሬንቲና፣ ሌላው ከፓሪ ሴንት ዠርሜን። ያለ እነሱ ይህ አሰላለፍ አይታሰብም።

ሉዊዝ ከዚህ በፊት ስሙ የሚነሳው ቦታውን ጥሎ በመውጣት ነበር። በሦስቱ መሐል ሲቆም ግን በቀኝም በግራም የሚደግፈው ሰው አለው፤ ወደ ፊት ወጥቶ ቢያቋርጥ ከኋላው የሚዘጋ አለ፣ ባይወጣ ደግሞ ረጅም ኳስ አቀባይነቱ ለቡድኑ ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ጨዋታ የመጀመሩን ሸክም ከኬሂል ላይ ያነሳው እሱ ነው። ኬሂል ከዚያ በኋላ የተጠየቀው የሚችለውን ነው፦ መግጨት፣ መጋረድ፣ በግራ በኩል ለአሎንሶ ቅርብ ኳስ መስጠት።

አንድ ቀላል ስሌት ላሳይ። የሜዳው ስፋት 68 ሜትር ነው። ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 17 ሜትር ይደርሰዋል፤ ለአምስት ሲካፈል 14 ሜትር አይሞላም። እርግጥ ተከላካዮች ሜዳውን ሙሉ ዘርግተው አይቆሙም፤ ኳሱ ወዳለበት ይሰበሰባሉ። ቢሆንም ሦስት ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ተከላካዩ ወደ ኳሱ ሲወጣ ጎረቤቱ በሁለት እርምጃ ይደርስለታል። ቼልሲ ኳስ ሲነጠቅ ሁለቱ ተመላላሾች ወደ ኋላ ተመልሰው አምስት ይሆናሉ፤ ከፊታቸው ካንቴና ማቲች ሁለቱን የሜዳውን ግማሾች ተካፍለው ይጠብቃሉ። ካንቴ ከዚያ በፊት ብቻውን ይሮጥበት የነበረውን ሜዳ አሁን ከሌላ ሰው ጋር ተጋራው። ሀዛርድም የተጋጣሚውን የመስመር ተከላካይ እስከ ግቡ ድረስ ከመከተል ነጻ ወጣ፤ ያን የሚይዘው አሎንሶ ሆነ። በዚያ ዓመት ሀዛርድ ፊቱ የፈካው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ከዘጠኙ ግቦች ውስጥ ከመስመር ወደ ውስጥ በሚላክ ኳስ የመጡትን ዓይነትና ከኬሂል እግር የጀመሩትን በተመለከተ አሰላለፉ በቀጥታ መልስ ሰጥቷል። እነዚህ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል ብል አላጋንንም።

አሥራ ሦስቱ ጨዋታዎች

ከሃል ቀጥሎ ሌስተር ሦስት ለባዶ። ጥቅምት 13 ጆዜ ሞሪንሆ ማንቸስተር ዩናይትድን ይዘው ወደ ቀድሞ ቤታቸው ሲመለሱ ፔድሮ ገና በግማሽ ደቂቃ አገባባቸው፤ በአራት ለባዶ ተሸኙ። ሳውዝሃምፕተን ሁለት ለባዶ። ጥቅምት 26 ኤቨርተን አምስት ለባዶ። ሚድልስብራ አንድ ለባዶ። ስድስት ተከታታይ ጨዋታ ያለ ግብ። ኦዚል ካገባበት ቅጽበት እስከ ኅዳር 17 የቶተንሃሙ ክርስቲያን ኤሪክሰን ግብ ድረስ ሲቆጠር በሊጉ ወደ 600 ደቂቃ ይጠጋል።

በእኔ ዓይን የመከላከሉ ጫፍ የኤቨርተን ጨዋታ ነው። ሮናልድ ኩማን ቡድናቸውን በተመሳሳይ አሰላለፍ፣ በሦስት የመሐል ተከላካይ አስገቡ፤ እረፍት ሳይደርስ ግን ሰው ቀይረው ሐሳባቸውን ተዉ። የኤቨርተን ተጫዋቾች ኳሱን ሲቀበሉ ፊታቸው ወደ ራሳቸው ግብ እንደዞረ ነበር። ዞሮ የሚያይ ሰው ሲገኝ ደግሞ ካንቴ ደርሷል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲታይ ግብ አለመቆጠሩ ዕድል እንዳልሆነ በግልጽ ይታወቃል፤ ግብ ጠባቂው ሥራ ፈትቶ ውሏልና።

ሁሉም ግን እንዲያ አልነበረም። ኅዳር 24 በሜዳው ኢትሃድ ላይ ማንቸስተር ሲቲ በመጀመሪያው አጋማሽ የበላይ ነበር። ኬሱስ ናቫስ ከቀኝ ያሻማውን ኳስ ኬሂል ሲያወጣ በራሱ መረብ ላይ አሳረፈው። ከእረፍት መልስ ናቫስ ዳግመኛ ኳሱን ወደ ግቡ አፍ ላከ፤ ኬቨን ዴብሮይነ ከጥቂት ሜትር ርቀት፣ ክፍት ግብ ፊቱ እያለ፣ አግዳሚውን መታ። ያ ኳስ ቢገባ ሁለት ለባዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የማቲችን ቦታ ይዞ የገባው ፋብሪጋስ ረጅም ኳስ አሻገረ፣ ኮስታ በደረቱ አብርዶ አስቆጠረ፤ ዊልያንና ሀዛርድ በመልሶ ማጥቃት ጨመሩና ሦስት ለአንድ አለቀ። በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው ሦስት ነጥብ ነው። መከላከሉን የሚመዝን ሰው ግን ያቺን የአግዳሚ ኳስ ከነአቀባበሏ ሊመዘግባት ይገባል፤ ከመስመር ወደ ውስጥ የተላከች፣ ከሩቁ ቋሚ በኩል ብቻውን የቆመ ሰው ያገኛት ኳስ ናት። ካፑ ያገባት ዓይነት።

ታኅሣሥ 5 ሰንደርላንድ ላይ ደግሞ ቼልሲ አንድ ለባዶ እየመራ በጭማሪው ሰዓት ፓትሪክ ቫን አንሆልት በኃይል መታ። ኩርቱዋ ሙሉ ቁመቱን ዘርግቶ በጣቶቹ አወጣት። ያ ማዳን በመዝገብ ላይ እንደ ኤቨርተኑ ጨዋታ ሁሉ «ግብ ያልተቆጠረበት» ተብሎ ይሰፍራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። በዚያ ታኅሣሥ ከዌስት ብሮም፣ ከሰንደርላንድና ከክሪስታል ፓላስ ጋር የተደረጉት ሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች በሙሉ አንድ ለባዶ ያለቁ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ስቶክ ሁለት አገባ፤ አንደኛው ከቆመ ኳስ በኋላ ፒተር ክራውች በጭንቅላቱ አውርዶት ብሩኖ ማርቲንስ ኢንዲ የመታው፣ ሁለተኛው ከመስመር በተላከ ኳስ ክራውች ራሱ ያስቆጠረው።

ከአሰላለፉ ውጪ የነበረው

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ቼልሲ ባለፈው የውድድር ዓመት አሥረኛ ሆኖ ስለጨረሰ በ2016/17 በአውሮፓ መድረክ አልተሳተፈም። ሲቲ፣ አርሰናል፣ ቶተንሃምና ሌስተር በቻምፒየንስ ሊግ፣ ዩናይትድ በዩሮፓ ሊግ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ሐሙስም ሲጓዙ የኮንቴ ተጫዋቾች ኮብሃም በሚገኘው ማሠልጠኛቸው ሙሉ ሳምንት ይሠሩ ነበር። አምስት ሰው እንደ አንድ ገመድ አብሮ መውጣትና አብሮ መመለስ የሚለመደው በመደጋገም ነው። ጊዜ የሌለው ቡድን ይህን አሰላለፍ ቢወስደው ያን ያህል አይዋጣለትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ሰው አለመለወጡ ነው። ከሌስተር ጨዋታ ጀምሮ ለሳምንታት ያው አሥራ አንድ ገባ። አዝፒሊኩዌታ የሊጉን 38 ጨዋታ በሙሉ፣ አንድም ደቂቃ ሳይጎድል ተጫውቷል። ይህ ጥንካሬ ነው፤ የሥጋት ምንጭም ነው። ጥቅምት 16 በሊግ ካፕ ዌስት ሃም ላይ ኮንቴ ብዙ ተጫዋች ቀይረው በሦስት ተከላካይ ገቡና ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ያን ጨዋታ ከሊጉ ድል ለይቶ የረሳው ብዙ ነው። እኔ ግን ከመረጃዎቹ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው እላለሁ፤ ቅርጹ ብቻውን፣ ያለ ለመዱት ሰዎች፣ ምን ያህል እንደሚከላከል ያሳየ ብቸኛ ፈተና ነበርና። በሌላ በኩል ካንቴና ኮስታ በቢጫ ካርድ ታግደው ቦርንማውዝ ሦስት ለባዶ መሸነፉ ያለ ካንቴም መቆም እንደሚቻል አሳይቷል። ኋለኛው ሦስትና ግብ ጠባቂው ግን በዚያ ቀንም አልተነኩም።

ሦስተኛው ቀድሞ ማግባት ነው። ቼልሲ ሲመራ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ለመልሶ ማጥቃት ይጠብቃል፤ ለሀዛርድና ለኮስታ ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም። ተጋጣሚው ከኋላ መነሣት ግድ ሲሆንበት ራሱን ይከፍታል። የማጥቃቱ ስኬት ለመከላከሉ ብድር ሰጥቶታል ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 26

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ቼልሲ 14ኛ ተከታታይ ድሉን ፍለጋ ወደ ቶተንሃም ሜዳ፣ ዋይት ሃርት ሌን፣ ገባ። ማውሪሲዮ ፖቸቲኖ ቶተንሃምን በሦስት ተከላካይና በሁለት ተመላላሽ አሰልፈው፣ ኤሪክሰንንና ዴሊ አሊን ከካንቴና ከማቲች ጀርባ አቆሙ። የቼልሲ ሁለት አማካዮች ከፊታቸው ያለውን ሰው ሲይዙ ከጀርባቸው ሌሎች ሁለት አሉ። ተመላላሾቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ማን ይውጣ?

በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ሰዓት ኤሪክሰን ከቀኝ በኩል አሻማ። አሊ ከኋላ እየሮጠ መጥቶ በአዝፒሊኩዌታና በሞሰስ በኩል ዘሎ በጭንቅላቱ ገጨ። በ54ኛው ደቂቃ ያው ሰው አሻማ፣ ያው ሰው ገጨ፣ በዚያው ቦታ። እንደ ቅጂ ነው። የአዝፒሊኩዌታ ቁመት 1 ሜትር ከ78 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ አሊ በአሥር ሴንቲሜትር ያህል ይበልጠዋል። ከአጠገቡ ያለው ሞሰስ ደግሞ የአየር ኳስ ለመከላከል ያደገ ሰው አይደለም። ኮንቴ አዝፒሊኩዌታን ወደ መሐል ያመጡበት ምክንያት ጎኑን ለመዝጋት ነበር፤ የተከፈለው ዋጋ ከላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ዋጋ ያስከፈለ ተጋጣሚ አልመጣም፤ ፖቸቲኖ አስከፈሉ። ሁለት ለባዶ።

አጋማሹ ላይ የተሰጠው ፍርድ፣ በኋላም የሆነው

በዚያ ሌሊት ቼልሲ ከ20 ጨዋታ 49 ነጥብ ይዞ ሊቨርፑልን በአምስት ነጥብ ይመራ ነበር። በወቅቱ የነበረው አጠቃላይ አስተያየት አንድ ክፉ ቀን መጥቶ አለፈ የሚል ነው። እስከዚያ በ19 ጨዋታ የተቆጠረበት 13 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙ ከአሰላለፍ ለውጡ በፊት የገቡ ስለሆኑ በቀሪው ግማሽ ሰባት ስምንት ግብ ቢቆጠርበት ነው ብሎ የሚገምት ሞልቶ ነበር።

ከቶተንሃሙ ጨዋታ ጀምሮ በተደረጉት 19 ጨዋታዎች የተቆጠረበት 20 ነው። መረቡን ያላስደፈረው በአምስቱ ብቻ። በተለይ ከጥር 23 የሊቨርፑል ጨዋታ እስከ ሚያዝያ 17 የሳውዝሃምፕተን ጨዋታ ድረስ በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች በእያንዳንዱ ግብ ተቆጥሮበታል፤ ድምሩ 14። ፓላስ በስታምፎርድ ብሪጅ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አግብቶ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ሚያዝያ 8፣ የፋሲካ ዕለት፣ ኩርቱዋ በጉዳት አልነበረም፤ አሎንሶም ጨዋታው ሊጀመር ሲል ታሞ ወጣና ኩርት ዙማ ገባ፣ አዝፒሊኩዌታ ወደ ተመላላሽነት ተገፋ። ዩናይትድ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ያ የጥቅምቱ የዌስት ሃም ጨዋታ ያስጠነቀቀው ነገር ነው፦ ሰው ሲጎድል ገመዱ ይላላል።

ይህ ማለት መሻሻሉ ሐሰት ነበር ማለት ነው? በፍጹም። ከ11ዱ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፏል፤ በአብዛኞቹ የተቆጠረበት አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች በአማካይ በየጨዋታው አንድ ተኩል ግብ ይገባበት የነበረ ቡድን ከዚያ በኋላ በነበሩት 32 ጨዋታዎች ያስተናገደው 24 ነው። ትክክለኛው የመሻሻሉ መጠን እሱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የታየው ከዚያ በላይ የነበረው ክፍል፣ የሙሉ ሳምንት ልምምድ፣ የሰው አለመጉደል፣ የዴብሮይነ አግዳሚና የኩርቱዋ ጣቶች የጨመሩት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቼልሲ በ93 ነጥብና በ30 ድል ዋንጫውን ሲያነሣ 33 ግብ ተቆጥሮበት ነበር። ቶተንሃም 26፣ ዩናይትድ 29 ብቻ ነው የተቆጠረባቸው። ሻምፒዮኑ በመከላከል ሦስተኛ ነበር። ያን የኅዳር ወር አይቶ ይህን የሚገምት ማን ነበር?

ከዚህ ተነሥቼ በአጋማሹ ላይ ለተቀመጠ ገምጋሚ የምሰጠው ክብደት ይለያል። ያልተቆጠሩ ግቦችን መቁጠር ከሁሉ የቀለለ ስለሆነ ከሁሉ ያነሰ ይመዝናል። የገቡት አራት ግቦችና ለጥቂት የተረፉት የሲቲና የሰንደርላንድ ኳሶች የበለጠ ይናገሩ ነበር፤ ከስድስቱ አራቱ ከመስመር ወይም ከቆመ ኳስ ወደ ግብ አፍ በተላከ ኳስ የመጡ ናቸውና። ፖቸቲኖ አዲስ ቀዳዳ አልፈለሰፉም፤ የነበረውን ነው ያዩት። ቼልሲ መሐሉንና የተመላላሾቹን ጀርባ ደፍኗል፤ ከሩቁ ቋሚ በኩል ያለውን የአየር ኳስ ግን ሸፍኖት ነበር እንጂ አልደፈነውም።

ግንቦት 4 ሚሺ ባትሹዋይ ዌስት ብሮም ላይ በ82ኛው ደቂቃ አግብቶ ዋንጫው ተረጋገጠ፤ በዚያ ጨዋታም መረቡ አልተደፈረም። ግንቦት 19 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ የጠበቀው አርሰናል ነበር። አርሴን ቬንገር ከሚያዝያ ጀምሮ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረዋል፤ በመስከረም ኤምሬትስ ላይ ቼልሲን ወደዚህ አሰላለፍ የገፋው ቡድን አሁን ራሱ ለብሶት መጣ። ሞሰስ በሁለተኛ ቢጫ ከሜዳ ወጣ፣ ኮስታ አቻ አደረገ። በ79ኛው ደቂቃ፣ ቼልሲ በአሥር ሰው ሳለ፣ ተቀይሮ የገባው ኦሊቪዬ ዢሩ ከግራ አሻማ። አሮን ራምሴ ከአማካይ መስመር እየሮጠ መጣና፣ በታኅሣሥ አሊ እንዳደረገው፣ በጭንቅላቱ ገጨው።